የቀረው ጭቃ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ባለፈው በስልክ ስታወሪኝ ድምፅሽ በአፍንጫሽ ይወጣ ስለነበር ልቤ አንቺው ዘንድ ቀርቷል። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከሬዲዮኑ ጋር ይከራከራል። ዓይኑ እንደምታውቂው ነው፤ ቀኑ ሲጋደል ብቻ አንዳንዴ ዘመኑ ይደበላለቅበታል። ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ይህን ነገር በስልክ ብጀምረው አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማኛል፤ ደግሞም ካልጻፍኩት ሐሳቤ መስመር አይዝልኝም።

በቅድሚያ ስለላክሽልኝ ዕቃ ልመልስልሽ። ባለፈው መጥተሽ ፎቶ ስታነሺን፣ አፍንጫዬ ወንፊት መሰለ ብዬ ማማረሬን አልረሳሽም። ለሠርግሽ ፎቶ ይደርሳል ብለሽ የፊት መታጠቢያውን፣ ቅባቱንና በብልቃጥ ያለውን የፊት ጭቃ ልከሽልኛል። እግዜር ያክብርልኝ። አብሮ የመጣውን መመሪያሽንም አነበብኩ። "ጭቃው ቀዳዳዎቹን ይዘጋል" ያልሽውን ግን ሰርዤዋለሁ፤ ልማዴን ይቅር በዪኝ። የፊት ቀዳዳ በር አይደለም፤ አይከፈትም፣ አይዘጋም። ስፋቱ ከዘርና ከዕድሜ የሚመጣ ነው። እኛ የምናደርገው ውስጡ የተጠቀጠቀውን ቅባትና እድፍ ማስወጣት ነው፤ ያኔ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ይታያል ነው ያልኩሽ።

እናም እንዲህ አደረግኩ። ጠዋትና ማታ ፊቴን ለብ ባለ ውሃ፣ በጣቴ ጫፍ ብቻ፣ ሳልፈትግ ታጠብኩ። በፎጣ መጥረጉን ትቼ ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ አደረቅኩ። ቅባቱን ገና እርጥበት እያለ ቀባሁ። ከፀሐይ ራቅኩ። በእጄ መጭመቅ የሚባለውንም ተውኩ። ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ሎሚ ይሞክሩበት ብላኝ ነበር፤ ሎሚ ቆዳ ይልጣል እንጂ አያጸዳም አልኳት። "መምህርት፣ እርስዎ እኮ ሎሚንም ክፍል ያስደግሙታል" ብላኝ እየሳቀች ሄደች።

ጭቃውን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ስስ አድርጎ፣ ደርቆ ሳይሰነጠቅ መታጠብ ነው ያልሽው። ልክ ነሽ፤ ከዚያ በላይ ከተደጋገመ ፊትን ያደርቃል። ውጤቱም ጥሩ ነው። ጣቴን ሳሳልፍበት የሌላ ሰው ጉንጭ የነካሁ ይመስለኛል። ጭቃው ግን ካሰብነው ቀድሞ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበርና ዓይኑ ከጠፋ በኋላም ጨርቅን በአውራ ጣቱ ያነባል። ሰውንም እንዲሁ ነው። ወደ ማምሻው ላይ ሬዲዮኑን ያጠፋና እጁን ይዘረጋል፤ እኔም ጎንበስ እላለሁ፤ አፍንጫዬን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቱ ይወርድበታል። "ሱፍ" ይላል። "ሻካራ ሱፍ። የሚበረክት።" ስድብ ነው ምርቃት ብዬ ስጠይቀው፣ እሱን የሚያውቀው የሰፋው ነው ይለኛል። ዓይኑ ከጠፋ ጀምሮ የእኛ ሰላምታ ይኸው ነበር።

እናትሽን ምን ብሎ ይጠራት እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም። ስታርፍ አንቺ ገና ጥርስ አላወጣሽም ነበር። እኔ እህቴን ቀብሬ አንቺን ላሳድግ ወደዚህ ቤት ስገባ፣ ኋላም የአባትሽ ሚስት ስሆን፣ ያ ስም ከእሷ ጋር የተቀበረ መስሎኝ ነበር። "ሐሬ" ነበር የሚላት፤ ሐር ጨርቅ ማለቱ ነው። ፊቷ እንደ እኔ አልነበረም። አንድ እናት ወልዳን አንድ ነጥብ የሌለበትን ፊት ለእሷ ሰጠች፣ ወንፊቱን ለእኔ አስቀረችልኝ። ልጆች ሆነን እንኳ ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ የእሷን ጉንጭ ነክቶ፣ እኔን ስንተኛ ክፍል ነሽ ብሎ ነበር የሚያልፈው።

ጭቃውን ለሦስተኛ ጊዜ የተቀባሁ ዕለት ታጥቤ ወጣሁ። አባትሽ እጁን ዘረጋ፣ እንደ ልማዴ ጎንበስ አልኩ። አውራ ጣቱ አፍንጫዬ ላይ ደርሶ ቆመ። ወደ ላይ ተመለሰ። ወደ ጉንጬ ሄደና እንደገና ቆመ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁት ለስላሳ ድምፅ አወጣና "ሐሬ" አለ።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ስንት ዓመት ሳስተምር የተሳሳተ መልስ ሰምቼ ዝም ያልኩበት ቀን የለም። ያን ዕለት ግን ዝም አልኩ።

ትከሻሽን አሁንም ያምሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ ትከሻዋን ያማት እንደነበር እኔ አላውቅም ነበር። የጀመረላትን ቀሚስ እስካሁን እንዳልዘመዘመው ነገረኝ፤ ቁሚ ልለካሽ አለ። ቆምኩለት። በስንዝሩ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ለካ፤ ወገቤን በሁለት እጁ ያዘና አንድ ጣት እንኳ አልጨመርሽም አለኝ። የእኔ ወገብ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ግን ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ የሆንን አልመሰለኝም። ከኋላዬ፣ ከስፌት መኪናው ወዲያ፣ አንዲት ሴት ተራዋን ቆማ የምትጠብቅ መሰለኝ። ዞሬ አላየሁም።

በማግስቱ ሁሉንም ረስቶት ተነሣ። መምህርቷ፣ ከዘራዬን የት ወሸቅሽው እያለ ቤቱን ያምስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መታጠቢያ ክፍሉን እፈራዋለሁ። መስታወቱ ጥግ ጥጉ ተልጧል፤ አምፖሉም ደካማ ነው። ጭቃውን አጥቤ ቀና ስል የማያት እሷን ነበር። እህቴ እዚህ ዕድሜ አልደረሰችም፤ ብትደርስ ግን የምትመስለው እንዲህ ነበር። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ያዋሰችኝን ዕቃ መቼ እንደምመልስላት ብቻ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ፎጣውን ፊቴ ላይ እንደያዝኩ እወጣ ነበር። ወጥቼም ቀጥ ብዬ ወደ እሱ ወንበር እሄድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ገበያ እወጣለሁ ብዬው ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር ሐሳቤን ቀየርኩና ሳልነግረው ቀረሁ። ታጥቤ አጠገቡ ሄድኩ፤ ጎንበስ አልኩ። ጉንጬን ነክቶ እጁን ቶሎ ሳበው። ከዚያ ያለውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ።

"ሐሬ፣ ዛሬስ ባትመጪ ጥሩ ነበር። መምህርቷ ገበያ ወጥታ ነው፣ አሁን ትመለሳለች። አንቺን እዚህ ካገኘች ምንም አትልም፤ አንገቷን ትደፋለች። የማላውቅባት ይመስላታል። እባክሽ፣ ሳትደርስ ሂጂልኝ።"

ሄድኩለት። ሌላ ምን ላድርግ? ጫማዬን በእጄ ይዤ በሩን ቀስ ብዬ ከፍቼ ወጣሁ። ዝናቡ እስኪመታኝ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ጫማዬን አጠለቅኩና እንዲሰማኝ መሬቱን እየረገጥኩ፣ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

መጣሽ ወይ አለኝ። መጣሁ፣ ቲማቲም ተወዷል አልኩት። ነጋዴዎቹ አንቺን ሲያዩ ነው ዋጋ የሚጨምሩት፣ ጭቅጭቅሽን አስልተው ነው ብሎ ሳቀ። ሳቁ ልቡ ያረፈለት ሰው ሳቅ ነበር። ወዲያው እጁን ዘረጋ። ፊቴ በዝናብ ረጥቧል አልኩት፤ አልጎነበስኩም።

"እሺ፣ ሲደርቅ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጭቃም ቅባትም አልነካሁም። በተራ ሳሙና ነው የምታጠበው። ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬን በጣቴ እሞክረዋለሁ፤ ሻካራነቱ መመለስ ጀምሯል፣ ግን ገና ነው። እሱም ሬዲዮኑን ባጠፋ ቁጥር "ደረቀ?" ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ። አይጨቀጭቀኝም። እጁን ጉልበቱ ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ስትመጪ አደራ የምልሽ ነገር አለ። በሩ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን አስቀድሚ። አባዬ እኔ ነኝ በዪው፤ ሳቂ፣ እንደ ልጅነትሽ ጩኺ፤ ጉንጭሽን የምትሰጪው ከዚያ በኋላ ይሁን። ለምን እንደሆነ መስታወት ስታዪ ይገባሻል። ስለ ፎቶው ደግሞ አትዘኚብኝ፤ አፍንጫዬ ወንፊት ሆኖ ይቅረብ። ፎቶ አንሺው ካልወደደው ራቅ ብሎ ያንሳኝ።

ሌላ ጭቃ አትላኪ። አለቀ ያልኩሽም ልክ አይደለም፤ ላርመው። ከብልቃጡ ታች ትንሽ አለ። ደርቋል፤ ውሃ ጠብ ቢደረግበት ለአንድ ፊት ይበቃል። ልጥለው አንስቼው ነበር፤ እህቴን ደግሜ የምቀብራት መስሎኝ መልሼ አስቀመጥኩት። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር ነው። ስትመጪ እኔን ሳትጠይቂ አንቺ ጣይልኝ።

መንገድሽ ይቅናልሽ። የምትገቢበት ቤት በራስሽ ስም የሚጠራሽ ቤት ይሁን። የሚነካሽ እጅ አንቺን የሚያውቅ እጅ ይሁን።

ያሳደገችሽ አክስትሽ