ምነው ገፋኸኝ የሚባለው ውሻ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፪

የአባቴን ቤት ሊያሻሽጥልኝ የያዘው ደላላ ትናንት ደውሎ፣ «ነገ ገዢ አመጣለሁና ውሻውን አርቂልኝ፤ ሰው ውሻ ፈርቶ ግቢውን ሳያይ ይመለሳል» አለኝ። ዛሬ ጠዋት አጥንት ሰጥቼ ከጓሮ አሰርሁት።

ገዢው ሸምገል ያሉ የኮላ ድባ ሰው ናቸው። «ሸጋ ቤት ነው» እያሉ ግድግዳውን በእጃቸው መታ መታ ሲያደርጉ፣ ውሻው ገመዱን በጥሶ እየጮኸ መጣ። ደንግጬ በስሙ ተጣራሁ።

«ምነው ገፋኸኝ! ተመለስ!»

ሰውየው ቆም አሉ። ውሻውን አልፈሩም፤ ያዩት አጥሩን ነው። «እንዲህ ያለ የውሻ ስም ጎረቤት እንዲሰማው ነው የሚወጣ። ድንበር የገፋባችሁ ማን ነው?» አሉኝ።

ደላላው «ዝም ብሎ ስም ነው፣ አያ» ብሎ ሳቀ። እኔ መዋሸት አልሆነልኝም። ጎረቤታችን አያ ታከለ አጥሩን ወደ እኛ እንዳስገቡት፣ አባቴም ተናዶ ለቡችላው ይህን ስም እንዳወጣለት፣ ሳይታረቁም አባቴ እንደሞተ ነገርኋቸው።

«ክርክር አልገዛም፣ ልጄ» ብለው ወጡ።

ደላላው በር ላይ ተናዶ፣ «ለሚቀጥለው ሰው ጃክ በይው!» አለኝ። ጃክ! አባቴ ያወጣውን ስም ለሽያጭ ብዬ አልለውጥም።

ድንበሩ ሳይለይ ቤቱን ለማንም አላሳይም። ነገ ሽማግሌ ይዤ አያ ታከለ ዘንድ እሄዳለሁ። ውሻውንም አስከትላለሁ፤ ከደጃፋቸው ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ በስሙ እጠራዋለሁ።