የጨው ሱቁ ምርቃት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ጀሞ

በምንሠራው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ያሉት ባለሱቆች ለገዛ ሁሉ ምርቃት እንዲጨምሩ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጨው በትንሽ በትንሹ እየገዛ ምርቃቱን መልሶ የሚሸጥ ተጫዋች ያለ ልፋት እንደሚከብር የገባኝ ግን ሐሙስ ነው። ለሄኖክ ብቻ ነገርኩት፤ ስዕሉን የሚሠራው እሱ ነው። እስካስተካክለው ለማንም እንዳይናገር አደራ አልኩት።

ዛሬ ጌሙን ሊሞክሩልን የመጡት ሁሉ ቀጥ ብለው ጨው ሱቅ ገቡ። ወርቁ እንደ አፈር ረከሰ፤ የሚያርስም ሰይፍ የሚሠራም ጠፋ።

«ማን ነገራችሁ?»

«ሄኖክ።»

እሱ ቀና እንኳ ሳይል «ጨዋታ አይደል እንዴ?» አለኝ።

ምርቃቱን ከየሱቁ እየሰረዝኩ ነው። የጨው ሱቁ ብቻ ቀረኝ። ባለሱቋን የፈጠርኳት በሄኖክ እናት አምሳል ነው፤ ልጅ ሆነን ከሱቃቸው ከረሜላ ስገዛ አንድ ይጨምሩልኝ ነበር። እሳቸው ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።