ሐረጉ ቀድሞ ቀላ

መስከረም 7

ዳሊያዎቹን በእንጨት ደገፍኩ፣ የደረቀውን ቆረጥኩ። ሐረጉ ገና አረንጓዴ ነው። ሥሩ ከግንቡ ወዲያ፣ ታናሽ እህቴ ግቢ ነው ያለው። ቅጠሉ ግን ፀሐይ ፍለጋ ግንቡን ዘሎ እኔ ጋ ተዘረጋ። እነሱ ግንዱን ሲያዩ ይውላሉ፣ እኔ በየኅዳሩ ያን የመሰለ ቀይ ቅጠል አያለሁ። ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ፣ ደስ ይለኛል!

የተከለችው እማዬ ናት። አሁን ታናሼ ጋ አልጋ ይዛለች። ማን ጋ ትኖሪያለሽ ስትባል፣ ያ ሁሉ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «ከትልቋ ጋር መኖር እሾህ ላይ መተኛት ነው» ያለች ሴት። እሺ፣ እሾህ ነኝ።

መስከረም 9

ታናሼ በግንቡ መሐል ያለውን፣ ግቢዎቻችንን የሚያገናኘውን በር አንኳኳች። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

«እትዬ፣ እማዬ ሐረጉን ቀልቶ ማየት አማራት። በዊልቸር አመጣታለሁ። ባንቺ በኩል ካልሆነ አይታይም።»

«ሲቀላ ትምጣ» አልኳት። ኅዳር የት አለና! እስከዚያ ትረሳዋለች።

«ሐኪሙ እኮ...» ብላ ጀመረች። ጥያት ገባሁ። ሐኪም ደግሞ! እማዬ ጉንፋን ሲይዛት እንኳ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያለቅስላት ነው የምትፈልገው።

መስከረም 28

ጉድ ነው! ሐረጉ መቅላት ጀመረ። ገና በመስከረም! ግንቡ ሥር ያፈሰስኩት ፍግ ነው። እጄ ይባረክ።

ጥቅምት 2

ግንቡ እሳት መስሏል። ጎረቤቶቼን ጠርቼ አሳየሁ። «ወይ ውበት! ወይ ውበት!» እያልኩ ጮህኩ። እማዬ ትስማኝ ብዬ ነው።

ታናሼ እየሮጠች መጣች። «ቀላ እኮ፣ እትዬ!»

«እሾህ ግቢ ምን ልትሠራ? ይወጋታል» አልኳት፣ በሩን ሳልከፍት።

አለቀሰች። ባሌ «ኧረ ተይ፣ እናትሽ ናት» አለኝ። አንተን ማን ጠየቀህ?

ጥቅምት 5

ዳሊያ ስቆርጥ የእማዬን ድምፅ ሰማሁ፣ ከወዲያ። ቀጥኗል።

«ልጄ... እዚያ ነሽ? ቀላ አይደል?»

መቀሱን ድምፅ ሳላሰማ አስቀመጥኩ። የሄድኩ ይምሰላት።

ጥቅምት 8

እማዬ ሞተች።

ጥቅምት 11

ሐረጉ ምን ሆነ? ቅጠሉ ሲነኩት ይፈረፈራል። የሌላው ሰው ሐረግ ገና አረንጓዴ ነው።

ለቀስተኛው ሲበተን ታናሼን «ምን አደረግሽው?» ብዬ ያዝኳት። ወስዳ ግንዱን አሳየችኝ። ከታች ልጡ ዙሪያውን ተልጧል።

«እማዬ ናት ያስላጠችኝ። ልጡ የተላጠ ሐረግ ቀድሞ ይቀላል፣ ከዚያ ይደርቃል አለች። ሐኪሙ ኅዳር እንደማትደርስ ነግሯት ነበር። እኔ እምቢ ብዬ ነበር እኮ... ‹ሲቀላ ትምጣ ብላለች አይደል? ልጄ ቃሏን አታጥፍም› አለችኝ።»

አታጥፍም... እኔ? ስለ እኔ ነው ይህን ያለችው?

ጥቅምት 14

ቅጠሉ ረግፎ አለቀ። ጠረግኩት። ግንቡ ራቁቱን ቀርቷል፣ ሳየው ያመኛል።

የመሐሉን በር ቁልፍ አዞርኩ። ብገፋው፣ ብገፋው... አልከፈት አለ። ከወዲያ በኩል በምስማር ተመቷል።

«እህቴ፣ በእናትሽ፣ ክፈቺልኝ» አልኩ።

እዚያው ቆማ ነበር። እግሯ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።

«ሲቀላ» አለችኝ።