አንዲት ፊደል ስላቋረጠችው የባንክ ግንኙነቴ

ለተከበሩ የባንካችን የዲጂታል አገልግሎት መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ እንዲሁም ከፎቅ ላይ ሆነው እኛን የሚያዩበት ኮምፒውተርዎ ደኅና ናቸው? እኔና ባለቤቴ ዘመነ፣ አምበር ከተማ ያለችው ወፍጯችንም ጭምር፣ ለጊዜው ደኅና ነን። «ለጊዜው» ያልኩት በመምሪያዎ ላይ ካለኝ የጸና እምነት የተነሣ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ስሜ አመተ ማርያም አካለ ወልድ ይባላል። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይጁቤ አካባቢ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔ ግን ቅኔውን ለወንድሞቼ ትቼ ሃያ ሁለት ዓመት ጤፍና ስንዴ ሳስፈጭ ኖሬአለሁ። ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ለወቀሳ ሳይሆን ለምስጋና ነው። ምስጋናው በዝቶ እንዳይደባለቅብዎ በቁጥር ለይቼዋለሁ።

አንደኛ፣ «ሙዳዬ» የተባለውን መተግበሪያ ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥቅምት የአምበር ቅርንጫፍ ሠራተኛ የሆነው አቶ የሺዋስ ወፍጮ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ኮቱ ላይ ዱቄት እየቦነነበት፣ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ከባንክ ሒሳቤ ጋር ተገናኝቶ የወፍጮውን ገቢ ከቤቱ ወጪ የሚለይ፣ ለመለዋወጫ የሚቀመጠውንም ለብቻው የሚያሳይ ብልህ ነገር ነው። አምስት ወር ሙሉ እንደ እውነተኛ ሙዳይ ከፍቼ እያየሁ መልሼ ስዘጋው ደስ ሲለኝ ከረመ።

ሁለተኛ፣ ስለ ዳገቱ አመሰግናለሁ። በመጋቢት ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት መተግበሪያው ራሱን በራሱ አደሰ፤ ታድሶ ሲነሣም «ከባንክዎ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ትእዛዝ አክባሪ ሴት ነኝና ሞከርኩ። በተሞከረ ቁጥር ወደ ስልኬ የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል፤ ቁጥሩ የሚያገለግለው ለሁለት ደቂቃ ሲሆን እኛ ቤት የሚደርሰው ግን በአራተኛው ደቂቃ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ኔትወርክ ይሻላል ቢሉኝ ከወፍጮ ቤታችን ጀርባ ያለውን ዳገት ወጣሁ። እዚያ ላይ ቁጥሩ ቶሎ መጣልኝ፤ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነበርና ሳላነበው ጊዜው አለፈ። ወርጄ መነጽሬን ይዤ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩም መጣ፣ አነበብኩትም፣ አስገባሁትም፤ መተግበሪያውም በጥሞና ተቀብሎኝ ሲያበቃ «ግንኙነቱ አልተሳካም» አለኝ። ሐኪሜ ለሃምሳ ስምንት ዓመት ጉልበት የእግር ጉዞ ያስፈልገዋል ሲሉኝ ሰምቼ ዝም ብያቸው ነበር፤ እርስዎ ግን አስጀመሩኝ።

ሦስተኛ፣ ማክሰኞ ዕለት ወደ ደንበኞች መርጃ ደወልኩ። ሂዊ የምትባል ትሑት ሠራተኛ አነሣችው። የደረሰብኝን ስነግራት አዳምጣ፣

«እናቴ፣ መጀመሪያ ካሹን ያጥፉት» አለችኝ።

«የቱን ካሽ?»

«ስልክዎ ላይ ያለውን በሙሉ። ከዚያ እንደገና ይግቡ።»

«ልጄ፣ እኔ የደወልኩልሽ ካሼ የጠፋብኝ መስሎኝ ነው። የተረፈውን ደግሞ በገዛ እጄ ላጥፋው?»

ሳቋ አመለጣት። ይቅርታ ጠይቃም አስረዳችኝ። በኮምፒውተር ሰዎች ቋንቋ ካሽ ማለት መተግበሪያው ትናንት የሠራበትና በሆዱ የቀረ ትርፍራፊ ነው አሉ። «ታዲያ እንደ ወፍጮ ነው በይኝ፤ የትናንቱ በቆሎ ውስጡ ከቀረ የዛሬውን ጤፍ ያበላሸዋል» ብላት፣ «እኔም ከዛሬ ጀምሮ ለሰው የማስረዳው እንደሱ ነው» አለች። ካሹን አጠፋሁ፤ መተግበሪያውን ደምስሼ መልሼ ጫንኩ፤ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ግንኙነቱ ግን በአቋሙ ጸና።

አራተኛ፣ ከራሴ ስለ ጠበቁኝ አመሰግናለሁ። ረቡዕ ጠዋት ለሰባተኛ ጊዜ ስሞክር «ለደኅንነትዎ ሲባል ሒሳብዎ ታግዷል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በስልክም ሆነ በቅርንጫፉ መስኮት ገንዘቤን መንካት የማይቻል ሆነ። ወፍጮውን የሚያዞረው ዲናሟችንም ምናልባት ዜናውን ሰምቶ ይሆናል፣ በዚያው ቀን ተቃጠለ። ዘመነ ፊቱ በዱቄት እንደ ነጣ ወጥቶ፣ «አመተ፣ ሸተተኝ። ይኼ ከእንግዲህ አይነሣም» አለኝ።

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በሩ ላይ እህል የጫኑ አህዮች ተሰልፈዋል። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ወፍጮ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ሥራነሽ የምትባል ደንበኛችን ሕፃን ልጇን አዝላ ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ነበረች፤ ጆንያዋን መልሳ አህያዋ ላይ ስትጭን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በነገሩ እየሳቅኩ ነበር፤ እሷ መንገዱን ስትይዝ ሳያት ግን ሳቄ ተወኝ።

ደብረ ማርቆስ የሚገኙት የመለዋወጫ ነጋዴ አቶ ወልደ ሰንበት ስደውልላቸው፣ «ለእርስዎ ወፍጮ የሚሆን አንድ ዲናሞ ብቻ ነው ያለኝ፤ ከቁይ ከተማም አንድ ሰው ይፈልገዋል። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላቆይልዎ እችላለሁ» አሉኝ።

አምስተኛ፣ ሐሙስ ዕለት ቅርንጫፉ ሄጄ አቶ የሺዋስ ፊት ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የት እንዳለ ሊያሳየኝ የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ እኔ አዞረልኝ፤ ያን ጊዜ አየሁት።

«አቶ የሺዋስ፣ ይኼ እኔ አይደለሁም» አልኩት።

«እንዴት እትዬ? ስምዎ እኮ ነው።»

«ዓመተ ማርያም ተብሎ በዐይኑ ዐ ነው የተጻፈው። ይህ የማርያም ዓመት ማለት ነው። እኔ በአልፋው አ ነኝ፤ የማርያም አገልጋይ።»

«ድምፁ ያው አይደለም እንዴ?»

«ለጆሮ ያው ነው።»

ምስጢሩ ይኸው ሆነ። የዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሒሳቡ ሲከፈት ስሜን የመዘገበው ሰው በአንዲት ፊደል ከአገልጋይነት ወደ ዘመን መቁጠሪያነት አሸጋግሮኝ ኖሯል። መታወቂያዬ ላይ ግን በአልፋው ነው ያለሁት። አዲሱ ሙዳዬ ደግሞ ሁለቱን ስሞች ፊደል በፊደል ያስተያያል፤ ካልገጠሙለት በሩን ይዘጋል። በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ አልፋንና ዐይንን የለየ እሱ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁና ከፍ ያለ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። አባቴ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ያለ ጥርጥር ደቀ መዝሙር አድርገው ይቀበሉት ነበር።

አቶ የሺዋስ ፊደሏን ሊያርም ሞከረ፤ አልተፈቀደለትም። ማረም የሚችለው የእርስዎ መምሪያ ብቻ ነው፤ ለዚያም ዓመተ ማርያምና አመተ ማርያም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚመሰክር የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የቀበሌው ጸሐፊ ማመልከቻዬን ጮክ ብለው ሲያነቡት አንዱን ስም ሁለት ጊዜ የደገምኩ መሰላቸውና አንዱን ሰረዙልኝ። እንደ ገና አስጻፍኩ። ደብዳቤው በዚያው ዕለት ስካን ተደርጎ ወደ እርስዎ ተላከ፤ የመጣው መልስ «ጥያቄዎ በዐሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይታያል» የሚል ነበር። አቶ የሺዋስ አንብቦልኝ ሲያበቃ አንገቱን ደፋ። የእሱም ቤት ስንዴ እኛ ወፍጮ በር ላይ እንደ ቆመ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ስድስተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቀልድ የለበትም። ዓርብ ጠዋት በስልኩ የተለቀቀልኝን ማሲንቆ እየሰማሁ አርባ ሦስት ደቂቃ ጠብቄ መርጃው መስመር ላይ ሂዊን አገኘኋት።

«የካሿ እናት ነዎት?» አለችኝ።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ የፊደሉን፣ የዲናሞውን፣ የቅዳሜውን ቀጠሮ፣ የሥራነሽንም ዝምታ። ስጨርስ፣ «የእኔስ ስም በየትኛው ነው የሚጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሙሉ ስምሽ ሕይወት ከሆነ በሐመሩ ሐ ነው።»

«እስከ ዛሬ በሀሌታው ነው የምጽፈው። እኔም የራሴ ግንኙነት ሳይቋረጥ አልቀረም» አለችና፣ «ስልክዎን ከእጅዎ አይለዩት» ብላ ዘጋች።

በኋላ እንደ ነገረችኝ ያደረገችው ይህን ነው። ከወንበሯ ተነሥታ ሁለት ፎቅ ወጣች፤ የስም ማረሚያ ክፍል ገብታ የእኔን ማመልከቻ ከክምሩ ውስጥ ፈልጋ አወጣች፤ የቀበሌውን ደብዳቤና መታወቂያዬን ለባለሙያው አሳየች፤ እሱም እስኪያርመው ድረስ አጠገቡ ቆመች። ሥራው አራት ደቂቃ ፈጀ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውላ፣ «አሁን ይሞክሩ፣ እናቴ፤ እገዳውም ተነሥቷል» አለችኝ።

ዳገቱን ወጣሁ፤ መነጽሬን አልረሳሁም። ቁጥሩ መጣ፣ አስገባሁት፣ ሙዳዬም ተከፈተ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከመውጣቱ ይሁን ከደስታው እስካሁን አልለየሁትም። ቅዳሜ በአራት ሰዓት አቶ ወልደ ሰንበት ሱቅ ደረስኩ፤ የቁዩ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበር። ዲናሞውን በአይሱዙ አምጥተን ዘመነ ገጠመው፤ ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ሲያጓራ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ሰኞ ዕለት ሥራነሽን ከሰልፉ አስቀድሜ አስፈጨሁላት። ዱቄቷን በጣቷ ቆንጥራ ልመቱን አየችና፣ «ይኼስ ከበፊቱ ይሻላል» አለች። ከዚያም አልፋ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። ፋሲካን በሰላም ከዋልን በኋላ፣ ማመልከቻው በተላከ በሃያ አራተኛው ቀን፣ የመምሪያዎ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ። «ዓመተ ማርያም የሚባል ደንበኛ በመዝገባችን ስላላገኘን ጥያቄዎን ለመቀበል እንቸገራለን፤ ወደ ፊት ስምዎን በትክክል ጽፈው እንዲያመለክቱ እናሳስባለን» ይላል። በመስታወት አስገጥሜ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሰልፍ ለሚጠብቅ ሰው ጥሩ ማሳለፊያ ሆኗል።

ሂዊን ላመሰግን ስደውል ግን ሌላ ዜና ሰማሁ። ያለ ፈቃድ ወንበሯን ለቃ ስለ ተገኘች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል አሉ። እሷ ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ የነገረችኝ አጠገቧ የምትሠራ ባልደረባዋ ናት። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እንግዲህ ይህ ነው። ክቡር ሆይ፣ ያቺን ማስጠንቀቂያ ከግል ማኅደሯ ያውጡልኝ። ከወንበር መነሣት በእርስዎ ቤት ጥፋት መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ማንም ከወንበሩ ሳይነሣ ለቆየበት ትጋት ቀድሜ አመሰግን ነበር። አራት ደቂቃዋ ለመምሪያው ከባድ ጉዳት ሆኖ ከተቆጠረም፣ እኔ ማሲንቆ የሰማሁበትን አርባ ሦስት ደቂቃ በምትኩ እንዲይዙልኝ እፈቅዳለሁ፤ የቀረው ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ለእርስዎ መዝናኛ ይሁን።

እግዚአብሔር መስመርዎን ያቅናልዎ፤ ወንበርዎን ያለምልምልዎ፤ ከእርስዎ በታች ካሉት መካከል መነሣት የሚያውቁትን ያብዛልዎ።

በታላቅ አክብሮት፣ በአልፋው አ፣
የዘወትር ደንበኛዎ
አመተ ማርያም አካለ ወልድ
አምበር

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ ሳበቃ ስልኬ ላይ ከመምሪያዎ መልእክት ገባ፤ «ውድ ደንበኛችን አቶ አመተ ማርያም፣ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረኩ? ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይስጡን» ይላል። አባቴ ኮከብ ቆጣሪን እንድሸሽ አስጠንቅቀውኝ ነው ያሳደጉኝ፤ ስለዚህ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አቶ የተባሉትን ሰውዬ ግን ካገኟቸው ጠይቀው ይላኩልኝ፤ ባለቤቴ ማን እንደሆኑ ለማወቅ በጣም ቸኩሏል።