የቅዳሜ ልጆችን ኮከብ በዝምታ ስላሳዩን

ለተከበሩ የሳይንስ ሙዚየሙ ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለቢሮዎም ቀዝቃዛ አየር እመኛለሁ። እኔ እዚህ ታይላንድ፣ ማሃቻይ ወደብ ባለ ፋብሪካ ሽሪምፕ የምልጥ የበርማ ሴት ነኝ። ባለፈው እሑድ በርዎ ላይ ያለውን «ሳይንስ ለሁሉም» የሚለውን ሰሌዳ አምኜ፣ ልጄን ሱ ምያትን ይዤ መጥቼ ነበር። ስለ መስተንግዶው ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1. በቋንቋችን ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ስለ ዓሣ ነባሪው፣ ስለ መብረቁና ስለ ልብ አሠራር አንድም የበርማ ፊደል ባናገኝም፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ «ቅጠል አኝኮ ቀይ ምራቅ መትፋት ክልክል ነው» የሚል፣ ምራቅ የሚያቀላ ቅጠል ለምናኝከው ለኛ ብቻ የተጻፈ አግኝተናል። ፊደል እንኳ አልተሳሳተም። ሲፈልጉ ተርጓሚ እንደማያጡ በዚህ አወቅን።

2. የከዋክብት አዳራሹ ጉልላት ሲያብረቀርቅ ፓጎዳ፣ የቡድሃ ቤተ መቅደሳችን፣ መስሎኝ ነጠላ ጫማዬን በሩ ላይ አወለቅሁ፤ ከኋላዬ የነበሩት የአገሬ ሰዎችም እኔን አይተው አወለቁ። ስህተቱ የኛ ነው። ዘበኛዎ ግን «ምነው እናንተ፣ የጫማ ገበያ ከፈታችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀብን። ይህኛው ወዲያው ገባኝ፤ ስድብ አስተርጓሚ አይሻም።

3. ከዚያ ሳተርን ጣሪያው ላይ ወጣች። በኛ ዘንድ ሰው ሁሉ የተወለደበት ቀን ኮከብ አለው። እኔ የቅዳሜ ልጅ ነኝ፣ ኮከቤም ሳተርን ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ፓጎዳ ሄጄ በቅዳሜው ማዕዘን ለዚህችው ኮከብ ውሃ ሳፈስ ኖሬ፣ መልኳን ያየሁት ያን ቀን ነው። የገበያ ታይኛ እችላለሁ፣ የሰማዩን ግን አልችልም። ታይ ትምህርት ቤት የምትማረው ልጄ በጆሮዬ «እማዬ፣ ያንቺ እኮ ናት! ቀለበቷ በረዶ ነው አሉ» ስትለኝ፣ አስጎብኚዎ ባትሪ አበራችባትና «አንቺ ልጅ፣ ወይ በታይኛ አውሪ ወይ ዝም በይ!» አለቻት።

ልጄ ዝም አለች። አውቶቡስ ውስጥም ዝም እንዳለች ነበር። ሰፈር ስንደርስ «እማዬ፣ ሰው ባለበት በርማኛ አታናግሪኝ» አለችኝ። ለዚህ የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። ልጄን በእናቷ ቋንቋ እንድታፍር ያደረጋችኋት ትኬት ቆርጬ ባስቀመጥኳት ወንበር ላይ ነው።

ስለዚህ እንደማልቀር በታላቅ አክብሮት አሳውቅዎታለሁ። በሚመጣው እሑድ ከፋብሪካችን ሴቶችና ከልጆቻቸው ጋር እንመጣለን። ሱ ምያት እንድትተረጉምልን ለምኛታለሁ፤ እስካሁን እሺ አላለችኝም። እሺ እስክትል ድረስ እኔው በዚያ በተሰባበረ ታይኛዬ፣ እየተሳሳትኩም ቢሆን፣ ጮክ ብዬ እተረጉማለሁ። ካስወጡን ሌላ እሑድ አለ።

የክቡርነትዎ አክባሪና ቢያባርሯት የማትርቅ እንግዳዎ፣
ማ ኬይ ዚን፣ ከማሃቻይ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በበርማኛ ብቻ ጽፌ በርዎ ላይ ለጥፌዋለሁ። ያልገባዎት ነገር ቢኖር፣ እባክዎ ሌሎች አንባቢዎችን እንዳይረብሹ፣ ዝም ብለው ይመልከቱት።