ዶሪስ ከሐይቁ ማዶ

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

ልብስ አጠብኩ። ዳሌዬ ዛሬ ይሻላል። ካርላ፣ "እማዬ፣ ደረጃ አትውጪ" ትላለች... ወጣሁ።

ልጄ ቤት መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ወሬው ሁሉ ኳስ ሆኗል፤ ያ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የአሜሪካ ፉትቦል። ባሏ ግሌን የከተማችን ቡድን ዋና አሰልጣኝ ነው። ቡድኑ "ጎታቾቹ" ይባላል፤ ሐይቁ ላይ መርከብ በሚጎትቱት ጀልባዎች ስም። ሌላ ስም ጠፍቶ ነው? ራት ላይ ጨውና ሰናፍጩን አሰልፎ ያስባል። ጨው እንዲያቀብለኝ ጠየቅኩት። "እሱ ተከላካይ ነው" አለኝ። ሳይስቅ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ተሸነፉ። ግሌን ገና መጀመሪያው ነው ይላል። ልክ ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

እንደገና ተሸነፉ። እስካሁን አንድም አላሸነፉም። ገና መጀመሪያው ነው ማለቱንም ትቷል።

ጠዋት ስንነሳ ግቢያችን ውስጥ "ይህ ቤት ይሸጣል" የሚል ሰሌዳ ተተክሎ አገኘን። የተናደዱ ደጋፊዎች ሥራ ነው። ካርላ አለቀሰች። ግሌን ነቀለና ጋራዥ አስገባው፤ እንጨቱ ጥሩ ነው አለ። ከሰዓት አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ ዋጋ ጠየቀ። የምሩን ነበር፣ ምስኪን...

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ሬዲዮ መስማት ጀምሬያለሁ። ባልጀምር ይሻለኝ ነበር። ስኪፕ የሚባል ሰውዬ በየጠዋቱ ስልክ እየተቀበለ ግሌንን ያሰድባል። ዛሬ አንዱ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ድንች ነው አለ። ድንች ማለት ካስፈለገ እኔ አማቱ አለሁ አይደል?

ደወልኩ። ልከላከልለት ነበር፣ እውነቴን ነው። ስም ሲጠይቁኝ ደነገጥኩና "ዶሪስ፣ ከሐይቁ ማዶ" አልኩ። ዶሪስ ማን ናት? እንጃ። ጨዋ ሰው ነው፣ የበላበትን ሳህን ራሱ ያጥባል ልል ነበር... ግን ዶሪስ ይህን ከየት ታውቃለች? እስኪ ይናገሩ ሲሉኝ አፌ ሌላ ነገር አወጣ። "ለምንድነው ኳሱን ይዘው ሁልጊዜ መሃል ለመሃል የሚሮጡት? እዚያ ያለው የሰው ግድግዳ አይታያቸውም? ወደ ፊት አርቀው አይወረውሩም?"

ስኪፕ በሳቅ ሞተ። ነገም ይደውሉልን አለኝ።

ምን ነካኝ?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ደውያለሁ። ስንቴ እንደሆነ አልጽፍም።

ትናንት ስታዲየም ውስጥ አንድ ሰውዬ "ዶሪስ ታሰልጥን" ብሎ የጻፈበትን አንሶላ ዘርግቶ ቴሌቪዥን አሳየው። ካርላ ይህችን ሴትዮ አንድ ቀን ባገኛት እያለች ዛተች። ሾርባው ትን አለኝ። ግሌን ጀርባዬን መታ መታ አደረገልኝ። ትንሽ ጠንከር አድርጎ... ወይስ መሰለኝ?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ወጥ ቤት ብቻዬን ሳለሁ ግሌን መጣ። ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ ምንም ሳያወጣ ዘጋው።

"ቬርና፣ ነገ አርቀን እንወረውራለን።"

"ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?"

"እንዲሁ። ደስ ቢልዎት ብዬ።"

ወጣ። ያውቃል! ከመቼ ጀምሮ?

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ወረወሩ። ተጋጣሚዎቹ ቀለቡት። ደግመው ወረወሩ። ቀለቡት። አንዱ ቀላቢ ቁምሳጥን የሚያክል ነው፤ እየሳቀ ሮጦ አገባው። ዘንድሮ እንደዚህ ተሸንፈው አያውቁም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ጠዋቱ ሙሉ ዶሪስ፣ ዶሪስ፣ ዶሪስ... አሰልጣኙን ያሳሳተችው እሷ ናት አሉ። አንዲት ሴት፣ አሮጊት ቤቷ ተቀምጣ ሹራቧን ትሥራ አለች። ባለ አንሶላው ሰውዬ ደውሎ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ። ከአልጋ አልወጣሁም። ማንም የማያውቀኝ እኔ እንዲህ ከሆንኩ፣ መልኩን ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ሰው እንዴት አድርጎ ነው ዳቦ ሊገዛ የሚወጣው?

ከሰዓት ግሌን ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጠ። አንዱ ስለ ዶሪስ ሲጠይቀው አዳራሹ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። "ሴትዮዋን ተዉአት" አለ። "ሜዳው ላይ የወሰንኩት እኔ ነኝ። የምትሰድቡት ሰው ካስፈለጋችሁ አለሁላችሁ።"

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ከዚያ መልሼ ከፈትኩት።

ቤት ሲገባ በሬን አንኳኳ። ራት አይበሉም ወይ አለኝ። አፍሬ ነው አልኩት።

"እኔም በየሳምንቱ አፍራለሁ። ግን እበላለሁ።"

ወረድኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

የምስጋና ቀን። ለበዓሉ የጠበስኩት ተርኪ ዶሮ ደረቀብኝ። ማንም ትንፍሽ አላለም። እዚህ ቤት ትችት የሚባል ነገር ቀርቷል።

እሑድ፣ ዲሴምበር 21

አሸነፉ! አንድ!! ሕዝቡ ለቅሶ ስለለመደ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ካርላ ወደ ውጭ ሮጣ በረዶ የሚጠርገውን ጎረቤታችንን ሚስተር ፕሮብስትን ሳመችው። ሰውዬው ጨዋታውን አላየም። አካፋውን እንደያዘ ቀረ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 5

ትናንት የመጨረሻው ጨዋታ ነበር፤ ተሸነፉ። ዛሬ ግሌንን አባረሩት። ስልኩ ቁርስ ላይ መጣ። "እሺ... ገባኝ... አመሰግናለሁ።" የሚያባርር ሰው ይመሰገናል? ከዚያ ተቀምጦ እንቁላሉን ጨረሰ። እኔና ካርላ ነን መብላት ያቃተን።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 16

ሩቅ ኔብራስካ ግዛት ያለ አንድ ኮሌጅ የአሰልጣኝነት ሥራ ሰጠው። እዚያ ሐይቅም የለም አሉ። ስኪፕ ጠዋት "የግሌን ስንብት" ብሎ ፕሮግራም ከፈተ፤ የደወለው ሁሉ ቀለደበት።

ደወልኩ። ስኪፕ ደስ አለው። ዶሪስ፣ በሕይወት አሉ እንዴ አለኝ።

"ዶሪስ አይደለሁም። ቬርና ሁበር እባላለሁ። የምትስቁበት ሰው ልጄ ነው።"

ስኪፕ ሳቁን አቋረጠ።

"ልጅዎ?"

"ልጄ ነው አልኩ እኮ።" ዘጋሁት።

ካርላ ደረጃው ላይ አፏን ከፍታ ቆማለች። "እማዬ... አንቺ ነበርሽ?" በኋላ እንነጋገራለን አልኳትና አልፌያት ወደ ጋራዥ ሄድኩ። ግሌን ዕቃ ያሽጋል። መደርደሪያው ላይ ሬዲዮው ክፍት ነው። ቀና አላለም። አንድ ካርቶን ላይ በትልቁ "ቬርና" ብሎ እየጻፈ ነው።

"እኔ ኔብራስካ የምሄድ መሰለህ?"

"አላውቅም። ቤቱን ስንመርጥ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለእርስዎ ነው ያልነው። ካልመጡ የስፖርት ዕቃዬን አስቀምጥበታለሁ።"

"የስፖርት ዕቃህን ሌላ ቦታ ፈልግለት" አልኩት።

ብርድ ልብሴን አምጥቼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩ።