ሕግ የማያውቃት ሚስት

አሪኪያ፣ ኖቬምበር ሊጋመስ ሦስት ቀን ሲቀረው

ለምወድህ ለሂላሩስ፤ ማሲሊያ

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ከመጀመሪያው መስመር መዋሸት ደስ አላለኝም። እናትህ ክሬስቴ ካረፈች ሃያ ቀን ሆናት። ትኩሳቱ አራት ቀን ብቻ አስተኛት። ቤቱ ጭር ብሏል። የወይራውን ሳህን አሁንም በእሷ በኩል አስቀምጠዋለሁ።

ትናንት ድንጋይ ጠራቢው ፑዴንስ መቃብሯ ላይ ምን እንደሚጽፍ ሊጠይቀኝ መጣ። «‹ለሚስቴ› በል» አልኩት።

«አይ ጌታዬ! እሷኮ ባሪያዎ ነበረች። ባሪያ በሕግ ሚስት አትባልም። ሕግ አስተማሪው እርስዎ፣ እኔ ልንገርዎት?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አገር ይስቅብኝ?»

«የሚስቀው በእኔ ነው። አንተ ዝም ብለህ ጥረብ።»

አርባ ዓመት ሙሉ ምን ስል ኖርኩ? በሮምም በአቴናም፣ ዛሬም ነገም አንድ ሕግ አለ፤ ተፈጥሮ ራሷ ያወጣችው ነው፤ በእሱ ፊት ጌታና ባሪያ የለም። ተማሪዎቼ ያጨበጭባሉ፤ ክሬስቴ ካባዬን ይዛ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንተን በዳኛ ፊት ነፃ ያወጣሁህ ቀን፣ እንደ ወጉ ጉንጭህን በጥፊ መታ አድርጌ ስለቅህ፣ «እናቴስ?» አልከኝ። «ጊዜው ይደርሳል» አልኩህ። ነፃ ከወጣች ትታኝ ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አንተም በዚያው ሳምንት ወደ ማሲሊያ መርከብ ተሳፈርክ። አፍንጫህ የእኔ መሆኑን አገር ሁሉ ያያል፤ እኔ ግን አንድም ቀን ልጄ ብዬህ አላውቅም።

ነፃ ያወጣሁት ሰው ስጠራው መጥቶ ሊያገለግለኝ በሕግ ግዴታ አለበት። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚሁ ግዴታ ልጠራህ አስቤ ነበር። የሚያገለግለኝ አጥቼ አይደለም፤ የማወራው ሰው አጥቼ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን በሰባት ምስክር ፊት ግዴታህን ሁሉ ሰረዝኩት፤ ጽሑፉ ከዚህ ጋር ተልኮልሃል። ከእንግዲህ ብትቀር ማንም አይጠይቅህም። የቀረኝ ያ ሳስተምረው የኖርኩት ሕግ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አስገድዶ የሚያመጣልኝ ወታደር የለውም።

ድንጋዩ በፌብሩዋሪ፣ በሙታን መታሰቢያ ሰሞን ይቆማል። ያኔ ብትመጣ ደስ ይለኛል።

ባሕሩ ይራራልህ፤ አማልክት ምድጃህን ይጠብቁልህ።

«የቀድሞ ጌታህ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ፋቅሁት።

አባትህ
ሴክስቱስ አኩቲዩስ